ፋተን ሃማማና ኦማር ሸሪፍ፦ ስለ ትዳራቸውና ስለ ግል ኑሯቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ የግብጽ ፊልም ወሬ በተነሳ ቁጥር የነዚህ ሁለት ሰዎች ነገር ሳይነሳ አይቀርም፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ተለጥፎበት ግማሹ እውነት ግማሹ ፈጠራ ሆኖ ይዞራል። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ የፈረንጅ ነው፣ በየመስመሩ እኤአ እያልኩ አላደክማችሁም።

ኦማር ሸሪፍንስ አውቀዋለሁ፣ ሴትየዋ ግን ማናት?

ሲጋቡ እኮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፣ ግብጽ ውስጥ እሷን የማያውቅ የለም፣ የማይታወቀው እሱ ነው። ፋተን ሃማማ የተወለደችው በ1931 ናይል ዴልታ ውስጥ ማንሱራ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ፊልሟ በ1940 ወጣ፣ ማለትም ገና ትንሽዬ ልጅ ሆና ነው ከታላቁ ዘፋኝ ከሞሃመድ አብደል ወሃብ ጋር ካሜራ ፊት የቆመችው። ብዙ በልጅነታቸው የጀመሩ አክተሮች ሲያድጉ ይጠፋሉ፣ እሷ ግን አልጠፋችም፣ 1950ዎቹ ላይ የአገሩ ቁጥር አንድ ሴት አክተር ሆና አረፈችው፣ "የአረብ ስክሪን እመቤት" የሚለው ስምም እስክትሞት አብሯት ኖረ። አረብ አገር የሰራችሁ፣ ቤሩትም ይሁን ጅዳ፣ ማዳም ሳሎን ውስጥ ሮታና ሲኒማ ተከፍቶ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ዓይኗ ትልልቅ፣ ድምጿ ለስለስ ያለ ቀጭን ሴት አይታችሁ ከሆነ እሷ ልትሆን ትችላለች።

እሱ በ1932 እስክንድርያ ነው የተወለደው፣ ስሙም ሚሼል ሻልሁብ ነበር። አባቱ የጣውላ ነጋዴ፣ ቤተሰቡ ከሶርያና ከሊባኖስ ወገን የመጣ፣ የተማረው ቪክቶርያ ኮሌጅ በሚባለው የእንግሊዞች ትምህርት ቤት፣ እቤታቸው ደግሞ ንጉስ ፋሩቅ ራሱ በእንግድነት የሚመጣበት ቤት። ባጭሩ የሞላለት ቤት ልጅ ነው። ፊልም ባይመጣ ኖሮ ከአባቱ ጋር ጣውላ ሲሸጥ ይኖር ነበር፣ ጀምሮትም ነበር።

እንዴት ተገናኙ?

ያገናኛቸው ዳይሬክተሩ ዩሱፍ ሻሂን ነው። ሻሂን ያኔ ገና ወጣት ነው፣ እሱም የእስክንድርያ ልጅ፣ እሱም ቪክቶርያ ኮሌጅ የተማረ። "ሲራዕ ፊል ዋዲ" የሚባል ፊልም ሊሰራ ነው፣ ታሪኩ ላይኛው ግብጽ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ በሚያለሙ ገበሬዎችና በአንድ ፓሻ፣ ማለትም በአንድ ባለርስት ባላባት፣ መሃል የሚነሳ ጸብ ነው፣ ፋተን የፓሻው ልጅ ናት፣ ከገበሬዎቹ ወገን የሆነውን ወጣት ኢንጂነር የሚጫወት ሰው ደግሞ ይፈለጋል። ሻሂን ሚሼልን ይዞ መጣ። ልጁ ከዛ በፊት አንድም ፊልም ሰርቶ አያውቅም። እንግዲህ አስቡት፣ ከሷ ጋር ሊሰራ የሚመኝ ስንት ስም ያለው ወንድ አክተር እያለ ማንም የማያውቀው ልጅ መጥቶ ዋናውን ቦታ ሊይዝ ነው፣ እሷ እምቢ ብትል ነገሩ እዛው ያበቃ ነበር። እሺ አለች። ፊልሙ በ1954 ወጥቶ ፈረንሳይ የሚካሄደው ካን የፊልም ፌስቲቫል ድረስ ሄደ፣ ሚሼልም ከዛ ወዲያ ኦማር ሸሪፍ ሆነ።

የመሳሙ ነገርስ? እውነት እሷ ማንንም ስማ አታውቅም ነበር?

ፋተን በፊልም ላይ አልሳምም በማለት የታወቀች ነበረች። ስክሪፕቱ ውስጥ ቢኖር እንኳን ታስወጣለች፣ የምትጫወተውም ጨዋ፣ የተበደለች፣ አንገቷን የደፋች ልጅ ስለነበር ተመልካቹም እንደዛው አድርጎ ነው የሚያያት። በዚህ ፊልም ላይ ግን ተሳመች። ዛሬ ያንን ትዕይንት ብታዩት "ይቺው ናት?" ትላላችሁ፣ ዓይናችሁን ከጨፈናችሁ ያመልጣችኋል፣ ያኔ ግን ካይሮ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሰው የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው፣ ለሌላው ሁሉ እምቢ ያለች ሴት ለዚህ ላልታወቀ ልጅ ለምን እሺ አለች? መልሱን በቀጣዩ ዓመት ሲጋቡ አገኙት።

ሲተዋወቁ ባለትዳር ነበረች የሚባለው እውነት ነው?

ነበረች። በ1947 ገና 16 ዓመቷ ሆና ኢዝ አልዲን ዙልፊቃር የሚባለውን ዳይሬክተር አግብታ ነበር፣ ከሷ በ12 ዓመት ይበልጣል፣ ፊልም ውስጥ ከመግባቱ በፊት የጦር መኮንን ነበር፣ ወንድሞቹ ማህሙድና ሳላህ ዙልፊቃርም የታወቁ አክተሮች ናቸው። ናድያ የምትባል ልጅ ወልደዋል። የተፋቱት በ1954 ነው፣ ከኦማር ጋር የተጋባችው በ1955 ነው፣ ፊልሙ ደግሞ የወጣው በዛው በ1954 ስለሆነ ሰው ሁለቱን ቀን አጠጋግቶ የራሱን ታሪክ ይሰራል። የመጀመሪያው ትዳር ውስጥ ምን እንደነበር የሚያውቁት ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው፣ እኔ 16 ዓመቷ ላይ የተጋባች ልጅ 23 ዓመቷ ላይ ሌላ ሰው ብትሆን አይገርመኝም።

ለኔ ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ከዛ በኋላ የመጣው ነው። በ1960 "ናህር አልሁብ" የሚል ፊልም ተሰራ፣ የፍቅር ወንዝ ማለት ነው፣ የራሺያው የአና ካሬኒና ታሪክ ወደ ግብጽ የመጣበት። ፋተን የአንድ ደረቅና ጨካኝ ፓሻ ሚስት ናት፣ ፓሻውን ዛኪ ሮስቶም ነው የሚጫወተው፣ ከዛ አንድ ወጣት መኮንን መጥቶ ልቧን ይሰርቀዋል፣ መኮንኑ ኦማር ሸሪፍ ነው። ዳይሬክተሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኢዝ አልዲን ዙልፊቃር! የቀድሞ ባሏ። ማለት ሰውየው ካሜራ ጀርባ ቁጭ ብሎ የልጁን እናት ከአሁኑ ባሏ ጋር "ተቃቀፉ፣ ቀረብ በሉ፣ በደንብ ተያዩ" እያለ ያሰራል፣ ታሪኩ ደግሞ ባሏን ትታ ከወጣት ጋር ስለምትሄድ ሴት፣ ለዛውም የሱ ዓይነት የጦር መኮንን። የኛ ሰፈር ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር። እነሱ ግን ሰሩት፣ ፊልሙም እስካሁን ከሚወደዱት አንዱ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ነው የሰራው፣ ኦማርን ሆን ብሎ አላበላሸውም፣ እንዲያውም እንደዛ አምሮ የታየበት የአረብኛ ፊልም የለም ብል አላጋነንኩም። ዙልፊቃር ከሶስት ዓመት በኋላ በ1963 ሞተ። ሁለቱ ባልና ሚስትም ከዛ ፊልም በኋላ አብረው አልሰሩም።

ኦማር ሃይማኖቱን የቀየረው ለሷ ብሎ ነው?

አዎ፣ ሊያገባት ብሎ ነው የሰለመው። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ ብዙ ሰው ግብጻዊ ክርስቲያን ሲባል ኮፕት፣ ማለትም የግብጽ ኦርቶዶክስ፣ ነው ብሎ ይደመድማል፣ ኦማር ኮፕት አልነበረም፣ ቤተሰቡ መልካይት የሚባሉት ካቶሊኮች ናቸው፣ ከሶርያና ከሊባኖስ መጥተው ግብጽ ውስጥ በንግድ የከበሩ ብዙ እንደነሱ ዓይነት ቤተሰቦች ነበሩ፣ ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያወሩ። ሁለተኛ ነገሩ የፍቅር መስዋዕትነት ብቻ አይደለም፣ ህጉም ነው። ግብጽ ውስጥ ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ሴት ማግባት ይችላል፣ ክርስቲያን ወንድ ግን ሙስሊም ሴት ማግባት አይችልም፣ ስለዚህ ወይ ይሰልማል ወይ ይተዋታል፣ ሶስተኛ መንገድ አልነበረም።

በነገራችን ላይ በ2008 ከአዴል ኢማም ጋር የሰራው "ሃሰን ዋ ሞርቆስ" የሚል ኮሜዲ አለ፣ እዛ ላይ ኦማር ከአክራሪዎች ለመደበቅ ክርስቲያን ነኝ ብሎ የሚኖር ሼህ ሆኖ ነው የሚጫወተው። ክርስቲያን ሆኖ ተወልዶ ሰልሞ በእርጅናው ክርስቲያን የሚመስል ሙስሊም ሆነ፣ ይሄንን ቦታ ለሱ የሰጠው ሰው እየሳቀ ይመስለኛል የሰጠው።

ስንት ልጅ አላቸው?

አብረው የወለዱት አንድ ነው፣ ታሪቅ፣ በ1957። ናድያ ከመጀመሪያው ባሏ ናት፣ ኦማር እንጀራ አባቷ ማለት ነው። ታሪቅን ሳታውቁት አይታችሁት ሊሆን ይችላል፣ "ዶክተር ዢቫጎ" መጀመሪያ ላይ እናቱን የሚቀብረው ትንሽ ልጅ እሱ ነው፣ አባቱ የሚጫወተውን ሰው በልጅነቱ ሆኖ። ያኔ 8 ዓመቱ ገደማ ነበር። የልጅ ልጃቸው ኦማር ሸሪፍ ጁኒየርም አክተር ነው፣ ጎግል ስታደርጉ ሁለቱ ይምታቱባችኋል፣ ፎቶውን አይታችሁ ለዩ።

ሆሊውድ እንዴት ገባ?

ዴቪድ ሊን "ላውረንስ ኦፍ አረቢያ"ን ሲሰራ ሸሪፍ አሊ ለሚባለው ሰው የሚሆን አረብ አክተር ፈለገ። ፊልሙ በ1962 ወጣ፣ ኦማር ለኦስካር ታጨ፣ ጎልደን ግሎብ ወሰደ፣ ከሩቅ ከበረሃው ውስጥ በግመል እየቀረበ የሚመጣበትን ትዕይንት ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳን ያውቀዋል። ከዛ 1965 ላይ ዶክተር ዢቫጎ፣ ሌላ ጎልደን ግሎብ፣ በቃ የዓለም ሰው ሆነ። ብር ግን እንደምታስቡት አይደለም፣ ኮሎምቢያ ከሚባለው የፊልም ኩባንያ ጋር ለሰባት ፊልም ነው የፈረመው፣ ለአንዱ 15,000 ዶላር፣ የዛን ጊዜ እንኳን ለስታር የማይሆን ዋጋ ነው፣ እሱም ይሄን እያነሳ ሲቆጭ ኖሯል።

ፋተን በዚህ ጊዜ ምን እየሰራች ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የሙያዋ ጫፍ ላይ ነበረች። በ1959 የዳይሬክተሩን የሄንሪ ባራካትን "ዱዓ አልካራዋን" ሰርታ በርሊን ፌስቲቫል ገብቷል፣ በ1965 እንደገና ከባራካት ጋር "አልሃራም"ን ሰራች፣ የቀን ሰራተኛ ሆና ከሰፈር ሰፈር እየዞረች ማሳ ላይ የምትሰራ፣ ተደፍራ አርግዛ ማንም ሳያውቅባት የምትወልድ ገበሬ ሴት፣ እሱም ካን ሄደ። ባሏ እንግሊዝኛ ፊልም ላይ በፈረስና በግመል ሲታይ እሷ አገሯ ላይ የሰራችው ይሄንን ነው። የቱ እንደሚበልጥ እናንተ ፍረዱ፣ እኔ ፈርጃለሁ።

ታዲያ ለምን ተለያዩ? ባርብራ ስትራይሳንድ ናት ምክንያቱ?

አይደለችም፣ ቀኑ ራሱ አይገጥምም። ኦማርና ፋተን መለያየት የጀመሩት በ1966 ነው። ኦማር ከአሜሪካዊቷ ዘፋኝና አክተር ከባርብራ ጋር የሰራው "ፈኒ ገርል" የተቀረጸው በ1967 ነው፣ የወጣው በ1968። ከባርብራ ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ኦማር ራሱ አልደበቀም፣ ግን ያኔ ቤቱ ቀድሞ ፈርሷል። ጫጫታው የበዛው በሌላ ምክንያት ነው፣ የ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነት ገና መብረዱ ነው፣ ግብጽ ሲናን አጥታ ቁስሏ ላይ ናት፣ እና አንድ ግብጻዊ አይሁድ የሆነችና እስራኤልን የምትደግፍ ሴት ሲስም የሚያሳይ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ዜግነቱን ንጠቁት ያሉ ነበሩ። መሳም ይሄን ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጉድ አደረገው፣ አንደኛው ሚስት አመጣለት፣ ሁለተኛው አገር ሊያሳጣው ነበር።

እውነተኛው ምክንያት እንደዚህ ፊልም የሚወጣው አይደለም፣ የወረቀት ጉዳይ ነው። በፕሬዝዳንት ናስር ጊዜ ግብጻዊ እንደፈለገ ከአገር አይወጣም፣ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ ጉዞ ደጅ ይጠናል። ዛሬ ለንደን ነገ ማድሪድ ቀረጻ ያለበት ሰው ካይሮ ከገባ መቼ እንደሚለቁት አያውቅም። ስለዚህ በፊልምና በፊልም መሃል አገሩ መመለሱን ትቶ አውሮፓ መቅረት ጀመረ። አንድ ወር፣ ሶስት ወር፣ ዓመት። የኛ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ በወረቀት ምክንያት ባል አንድ አገር ሚስት ሌላ አገር ሆነው የቀሩ ስንት ትዳር እናውቃለን።

እሷም ደግሞ በተራዋ ተሰደደች፣ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም። መጀመሪያ ላይ የ1952ቱን አብዮት የምትደግፍ ሴት ነበረች፣ ኋላ ግን ሙኻባራት፣ ማለትም የደህንነት መስሪያ ቤቱ፣ ተባበሪን እያለ ይጫናት ጀመር፣ እምቢ ስትል ጫናው እየባሰ ሄደ፣ በመጨረሻ በ1966 አገር ጥላ ወጣች፣ እስከ 1971 ድረስ ቤሩትና ለንደን እየተመላለሰች ነው የኖረችው። ናስር ራሱ የአገር ሃብት ናት ብሎ እንድትመለስ ሰው ልኮባታል፣ አልተመለሰችም፣ የገባችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እና አስቡት፣ ሁለቱም ከግብጽ ውጪ ናቸው፣ ሁለቱም በዛው መንግስት ምክንያት ናቸው፣ ግን አንድ ቤት አይደሉም፣ የሱ ኑሮ ሆቴልና ስቱዲዮ ነው፣ የሷ ደግሞ ልጅ፣ ቋንቋዋ፣ በአረብኛ የምትሰራው ስራ። እሱ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንደ አፍ መፍቻው ስለሚያወራ የትም ይሰራል፣ እሷ ግን ሆሊውድ ሄዳ የሰው ፊልም ላይ ሚስት መስላ ልትቆም? የአረብ ስክሪን እመቤት ሆና?

ህጋዊ ፍቺው መቼ ነው? ማን ነው የጠየቀው?

ወረቀቱ ያለቀው በ1974 ነው፣ ማለት ከተለያዩ ስምንት ዓመት አካባቢ በኋላ። ያለ ጸብ ነው የተፋቱት። ማን ጠየቀ ለሚለው በኦማር በኩል ያለውን ነው የምንሰማው፣ እሱ ሲያወራ የነበረው እንዲህ ነው፣ እዛ በቆንጆ ሴቶች መሃል እየኖርኩ ልቤ አንድ ቀን መሸፈቱ አይቀርም፣ አርጅታ ከምተዋት ገና ወጣት ሆና ሌላ ሰው የማግባት ዕድል ሳላት ብንለያይ ይሻላል ብዬ ነገርኳት የሚል። ፌስቡክ ላይ ይሄ እንደ ትልቅ ፍቅር ተደርጎ ይሼር ይደረጋል። እኔ ሳነበው ትንሽ ይቆረቁረኛል፣ ልከዳሽ እችላለሁና አስቀድሜ ልተውሽ ማለት እኮ ነው ሲፈታ፣ ደግነት አለው እሺ፣ ግን ውሳኔው የሱ፣ ሰበቡ የሱ፣ አተራረኩም የሱ ነው።

ፋተን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አላወራችም። ጋዜጠኛ ሲጎተጉታት ስለ ስራ ነው የምታወራው።

ዑሪዱ ሃለን የሚለው ፊልሟ የራሷ ፍቺ ታሪክ ነው?

አይደለም፣ ግን ሰው ለምን እንደሚጠይቅ ይገባኛል። ፊልሙ በ1975 ነው የወጣው፣ ልክ ከፍቺዋ በኋላ፣ "መፍትሄ እፈልጋለሁ" ማለት ነው፣ ሳዒድ ማርዙቅ ዳይሬክት ያደረገው። ባሏ አልፈታም ያላት ሴት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስትንከራተት፣ ዓመታት ሲያልፉ፣ በየኮሪደሩ እንደሷ ተስፋ የቆረጡ ሌሎች ሴቶችን ስታገኝ ያሳያል። የፋተን የራሷ ፍቺ እንደዛ አልነበረም፣ ኦማር አላንገላታትም። ታሪኩ ከብዙ ግብጻውያን ሴቶች ኑሮ የተወሰደ ነው፣ ያኔ ባል በአንድ ቃል ይፈታል፣ ሚስት ግን በዳይ መሆኑን ማስረጃ ቆጥራ ማሳመን አለባት። ፊልሙ ያስነሳው ክርክር ትልቅ ነበር፣ በ1979 የቤተሰብ ህጉ ሲሻሻል የፊልሙ ስም አብሮ ይነሳል፣ እስከዛሬም የህግ ሰዎች ይጠቅሱታል። አንዲት ራሷ የተፋታች ሴት፣ አገሩ ሁሉ የፍቅር ታሪኳን እያማ ባለበት ሰዓት፣ ስለ ፍቺ እንደዛ ያለ ፊልም ይዛ መምጣቷ ከየትኛውም ኢንተርቪው በላይ ይናገራል ባይ ነኝ።

ድጋሚ አገባች?

አገባች፣ በ1975፣ ዶክተር ሞሃመድ አብደል ወሃብ የሚባል ሃኪም። ስሙ ከዘፋኙ ጋር አንድ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል፣ መጀመሪያ ፊልም አብራው የሰራችው ዘፋኝ ሌላ ነው፣ ባሏ ሌላ። ከፊልም ዓለም ውጪ የሆነ ሰው ነው፣ ካሜራ አይወድም፣ እስክትሞት ድረስ አብረው ኖሩ። ወደ 40 ዓመት ማለት ነው። ከኦማር ጋር ትዳር ላይ የቆየችው፣ ተለያይተው የኖሩበት ተቆጥሮ እንኳን፣ 19 ዓመት ነው፣ አብረው አንድ ቤት የኖሩት ደግሞ ከዛም ያነሰ። ግን "የፋተን ፍቅር" ብላችሁ ሰርች ብታደርጉ ሃኪሙ አንድ መስመር ነው የሚደርሰው።

እሱስ ለምን አላገባም?

ኦማር እስከመጨረሻው አላገባም። በህይወቴ የወደድኳት እሷን ብቻ ነው ማለቱን በየኢንተርቪው ደጋግሞታል፣ ጋዜጠኛው ባይጠይቀውም እሱ ያነሳዋል። ሴት አልነበረውም ማለት አይደለም፣ ስም የወጣባቸው ብዙ ነበሩ፣ ቤት ግን አልሰራም። የኖረው ሆቴል ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓሪስ፣ ራት ሬስቶራንት፣ ማታ ካርታ።

ካርታው ቀልድ አልነበረም። ብሪጅ የሚባለውን ጨዋታ በዓለም ደረጃ የሚጫወት ሰው ነበር፣ ቡድን አቋቁሞ አገር ላገር ዞሯል፣ ስለ ብሪጅ ጋዜጣ ላይ ዓምድ ነበረው። ካዚኖው ግን በላው፣ ፓሪስ ያለ ቤቱን እስከመሸጥ ደርሷል፣ ዕዳ ለመክፈል ሲል የማይረቡ ፊልሞች ውስጥ ገባ፣ በ2003 ደግሞ ፓሪስ አጠገብ ካዚኖ ውስጥ አንድ ፖሊስን በግንባሩ ገጭቶ ተፈርዶበታል። የሚገርመው ያው በዛው ዓመት ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለሙሉ ስራው ወርቃማ አንበሳ የሚባለውን ሽልማት ተሸለመ። በኋላ ካርታውን እርግፍ አድርጎ ተወው።

ከተፋቱ በኋላ ይነጋገሩ ነበር?

አዎ፣ ሆድና ጀርባ አልሆኑም። ልጅ አላቸው፣ የልጅ ልጅ መጣ፣ ኦማርም 1980ዎቹ ላይ ግብጽ ተመልሶ በአረብኛ መስራት ጀመረ፣ "አዩብ" የሚለው የቴሌቪዥን ፊልሙ ያኔ ነው። ግን እንደገና አብረው ፊልም አልሰሩም።

ታዲያ እውነት እስከ ሞት የተዋደዱ ናቸው ወይስ አይደሉም?

እሱ አዎ ብሏል፣ እና ውሸቱን ነው የምልበት ምክንያት የለኝም። ስለሷ ግን እኛ ነን የምንመልስላት። ሶስት ጊዜ አግብታለች፣ ረጅሙ ትዳሯ ሶስተኛው ነው፣ እድሜ ልኳን ሰርታለች፣ 2000 ላይ እንኳን "ዋጅህ አልቀመር" የሚል ተከታታይ ድራማ ይዛ መጥታ ግብጽን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣለች። ሆቴል ውስጥ ብቻውን የቀረው ወንድ ስለሚያሳዝን ታሪኩ ሁሉ በሱ ዓይን ይነገራል፣ እሷም የሱ ትዝታ ሆና ትቀራለች። ሴትየዋ ግን በሱ ትዝታ ውስጥ አልነበረም የምትኖረው፣ ካይሮ ውስጥ ከባሏ ጋር ነው የምትኖረው።

መቼ ሞቱ? በአንድ ቀን ነው የሚባለውስ?

በአንድ ቀን አይደለም፣ በአንድ ዓመት ነው። ፋተን ጃንዋሪ 17፣ 2015፣ ኦማር ጁላይ 10፣ 2015፣ ሁለቱም ካይሮ፣ ሁለቱም በ83 ዓመታቸው። እሱ ከመሞቱ ሁለት ወር አካባቢ ቀደም ብሎ አልዛይመር እንዳለበት ልጁ ታሪቅ ለጋዜጣ ተናግሮ ነበር፣ የሞተው ግን በልብ ድካም ነው። በሃዘን ነው የሞተው የሚለውን ለቲክቶክ ተዉት፣ የታመመ ሽማግሌ ነበር።

ፊልሞቻቸውን ከየት ልጀምር?

አብዛኞቹ የአረብኛዎቹ ዩቲዩብ ላይ አሉ። በ"ሲራዕ ፊል ዋዲ" ጀምሩ፣ መጨረሻ አካባቢ የካርናክ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ውስጥ ያለውን ማሳደድ በቋንቋ ሳይሆን በዓይን ነው የምትረዱት። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ "አያምና አልሂልዋ" አለ፣ በ1955 የወጣ፣ ኦማር፣ አህመድ ራምዚና ዘፋኙ አብደል ሃሊም ሃፌዝ ሶስት ደሃ ተማሪዎች ሆነው አንዲት የታመመች ጎረቤታቸውን ሶስቱም ይወዷታል፣ አብደል ሃሊም እያለ ልጅቷ ለኦማር መድረሷ ይገርመኛል። "ሲራዕ ፊል ሚና" እስክንድርያ ወደብ ላይ ነው፣ እሱም የሻሂን። "ላ አናም" በቀለም ነው፣ ፋተን ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉ ልጅ ሆና የአባቷን ትዳር ስታምስ ታያላችሁ፣ ኦማር አነስ ያለ ቦታ ነው ያለው። "ሰይደት አልቀስር"ን ጊዜ ካላችሁ ብቻ። "ናህር አልሁብ"ን ግን እንዳታልፉት፣ ስታዩም ዳይሬክተሩ ማን እንደሆነ አትርሱ። ዶክተር ዢቫጎ ከሶስት ሰዓት በላይ ነው፣ እሱን ቅዳሜ ማታ ያዙት።